«ሥራ የለኝም» አንበል

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በ1999 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ እናቴ ቤት ነበርኩ፤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ መንደር። ቆጣሪው «ሥራዎ ምንድን ነው?» ሲላት እናቴ «ምን ሥራ አለኝ ልጄ፣ የቤት እመቤት ነኝ» አለችው። የአረቄው ድፍድፍ ግን ምድጃ ላይ ተጥዶ ነበር። እኛን ልጆቿን ያስተማረን ያ አረቄ ነው።

የሒሳብ ሥራ ስጀምር ነገሩ ገባኝ። ያልተመዘገበ ገቢ እንደሌለ ይቆጠራል።

በቆጠራው ደንብ የክልል፣ የዞን ወይም የወረዳ መቀመጫ የሆነ ቦታ የሕዝቡ ብዛት ሳይታይ ከተማ ይባላል። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ያለውም እንዲሁ ነው። ከሁለቱ ውጭ የሆነ መንደር ግን 1,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ሊኖረው፣ አብዛኛው ነዋሪም ከግብርና ውጭ በሆነ ሥራ የሚተዳደር ሊሆን ይገባል። ካልሆነ ገጠር ተብሎ ይመዘገባል። ፍኖተ ሰላም የዞን መቀመጫ ስለሆነች ጥያቄ የለባትም። ጥያቄው ያለው በመንገድ ዳር መንደሮቻችን ላይ ነው።

እስቲ አስቡት። ባል «ገበሬ ነኝ» ይላል፤ ሚስት «የቤት እመቤት» ትላለች። ጠላ ጠማቂዋ፣ እንጀራ ሻጯ፣ በርበሬ ቸርቻሪዋ ወረቀት ላይ የሉም። መንደሩም ከእርሻ ሌላ ሥራ የሌለበት ይመስላል።

ቆጠራ ብቻውን ውኃና መብራት አያመጣም፤ ማዘጋጃ ቤትም አያቆምም። በጀት የሚደለድል ሰው ግን የሚያየው ቁጥሩን ነው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። ከ1999ኙ በኋላ ግን ቀጣዩ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። እስኪመጣ ከራሳችን መዝገብ እንጀምር። የቁጠባ መዝገባችን «ሥራ» የሚል ዓምድ አለው፤ ብዙዎቻችሁ «የቤት እመቤት» አስብላችኋል። ብድር የወሰዳችሁት ግን ለጌሾ፣ ለጤፍና ለበርበሬ መግዣ ነው!

በሚቀጥለው ስብሰባ ዓምዱን እያንዳንዳችን እናርም። ቆጣሪ የመጣ ቀንም፣ ባላችን ስለ እኛ ቢመልስ እንኳ፣ ቀረብ ብለን «እኔም ሥራ አለኝ፤ ጻፍልኝ» እንበል።