የሶላር ባትሪ ለምን ቶሎ ይደክማል?

ከአምቦ፣ ከጉደርና ከጌዶ ወጣ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች መብራቱ ገና በጊዜ ሲደበዝዝ የሚወቀሰው ሶላሩ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የደከመው ባትሪው ነው።

ውኃ የሚጨመርበት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ላይ ከደረሰ ግማሹ አልቋል። በየምሽቱ ከዚያ በታች ማውረድ ዕድሜውን ይበላዋል። ክረምት ላይ ፀሐይ ስለምታንስ ከቴሌቪዥኑ አምፖሉን አስቀድሙ።

ውኃው ሲጎድል የሚጨመረው ለባትሪ የተጣራ ውኃ ብቻ ነው። የቧንቧም፣ የምንጭም፣ የምንወደው የአምቦ ውኃም አይሆንም፤ በውስጣቸው ያለው ማዕድን ባትሪውን ይገድለዋል።

አደራ፣ ክዳኑን ስትከፍቱ ዓይናችሁን ከአሲዱ ጠብቁ። የሚወጣው ጋዝ ስለሚፈነዳ ክብሪትም ኩራዝም አታስጠጉ።