የጣና መንገዴን በእራፊ ጨርቅ እንዴት እንደሰፋሁት

(በእሑድ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ ባለፈው እሑድ ይሄን ጨርቅ ይዤ ስመጣ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ እንዴት እንደሰራሽው ንገሪን ተብዬ ነው የቆምኩት።

ፈረንጆች ኩዊልት ይሉታል። እኛ አገር ድሪቶ ነው። ይኸው ሳቃችሁ! አዎ፣ ድሪቶ የድሃ ነው፣ ስድብም ነው። ሥራው ግን አንድ ነው፤ አሮጌ ጨርቅ ቆርጦ፣ ገጣጥሞ፣ ደራርቦ መስፋት። አሜሪካ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል የጥቁሮች መንደር አለች። ሴቶቹ እርሻ ላይ ተለብሶ ያለቀውን የሥራ ልብስ እየቀደዱ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። በፈረንጆች 2002 ድሪቷቸው ሂዩስተን ሙዚየም ውስጥ ተሰቀለ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ።

የኔ የአንድ ቀን መንገድ ነው። 8ኛ ክፍል ያለፍኩ ጊዜ፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ፣ አክስቴ ከደብረ ታቦር ባህር ዳር ይዛኝ ሄደች። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለኔ ግን ከዚያ በፊት ከከተማችን ወጥቼ ስለማላውቅ ዓለም ነበር። በቅጥቅጥ ነው የሄድነው። አደይ አበባ መንገዱን ሞልቶታል። ወረታ ላይ ወርደን የበቆሎ እሸት በላን፤ ከዚያ የፎገራ ሩዝ፣ አረንጓዴ፣ ዓይን እስከሚደርስ። ከባህር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ሄድን። ደንገል ታንኳ ላይ እንጨት ጭነው የሚቀዝፉ ሰዎች በአጠገባችን ሲያልፉ አክስቴ ነጠላዋን አውልቃ አውለበለበችላቸው። አክስቴ'ኮ ኮስታራ ናት! ያን ቀን ግን እንደ ልጅ ሆና ዋለች።

ስጀምር ሁሉም መካሪ ሆነብኝ። አንዷ ባንዲራ ይግባበት አለች፣ አንዷ የፋሲል ግንብ፣ አንዷ የአክሱም ሐውልት። ሁሉም ያምራል፤ እኔ ግን ያን ቀን አላየሁትም። ያየሁት በቆሎ ነው፣ ነጠላ ነው፣ ቡናማ ውሃ ነው። ፖስትካርድ ላይ ያለው ጣና ሰማያዊ ነው፤ በመስከረም ግን ክረምቱ ያወረደውን አፈር ይዞ ሻይ በወተት ይመስላል። ስለዚህ ቡናማ አደረግኩት። የራሳችሁን ስትሰሩ እባካችሁ ያያችሁትን ስፉ።

አሁን ወደ ዋናው። ጨርቅ ከመንካታችሁ በፊት ፈቃድ! ቆሻሻ ውስጥ የተጣለ እንኳ ቢሆን። እንዴት ያሉ ልጆች በትንሽ ነገር «ሌባ» ተብለው እንደወጡ ታውቃላችሁ። እኔ የፈለግኩትን አሮጌ አንሶላ ፎቶ አንስቼ «ማዳም፣ ይሄን ልውሰደው?» ብዬ በዋትስአፕ ላክሁ፤ «ውሰጂ» የሚለው መልስ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ። በአፍ የተባለ ይረሳል።

ክሩን ከዶራ ገዛሁት፤ ሌላው ሁሉ አሮጌ ነው። ውሃው የማዳም ነጭ አንሶላ ነው፣ በሻይ ቅጠል የነከርኩት። አንድ እፍኝ ቅጠል አፍልታችሁ ታጠሉታላችሁ፤ ጨርቁን አርጥባችሁ ግማሽ ሰዓት ትዘፈዝፉታላችሁ። የሚይዘው ግን ጥጥ ከሆነ ነው። ለማወቅ አንድ ክር መዝዛችሁ፣ መታጠቢያው ላይ ሆናችሁ አቃጥሉት፤ ጥጥ አመድ ይሆናል፣ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል። ሰማያዊው ዩኒፎርሜ ፖሊስተር ስለሆነ ሻዩን አልቀበልም አለ። እሱን ሰማይ አደረግኩት። ከላይ የምታዩት በሙሉ ሁለት ዓመት የለበስኩት ነው።

መሬት ላይ ዘርግቼ ልስፋ ብል የኔ ክፍል ፍራሽና ሻንጣ ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ በ12 ቁራጭ ከፈልኩት። እያንዳንዱ ሲያልቅ 30 ሳንቲም በ30 ሳንቲም ነው፤ ስቆርጥ ግን በየጎኑ ለስፌት 1 ሳንቲም ትርፍ ትቼ 32 አደርገዋለሁ። ካርቶን በልክ ቆርጣችሁ በሱ ለኩ፤ በዓይን ከገመታችሁ መጨረሻ ላይ አይገጥምም። አንድ ቁራጭ ጉልበት ላይ ይሰፋል፣ በፌስታል ይያዛል፤ ድንገት ቤት ብትቀይሩም አብሮ ይሄዳል። ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት እየሰፋሁ ስምንት ወር ፈጀብኝ። መርፌ ስትጨርሱ ቁጠሩ፤ ቤቱ ውስጥ ሕፃን አለ።

ቁራጮቹ ሲጋጠሙ ሦስት ድርብ ይሆናል፤ ላዩ፣ መሐሉ ስስ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ጀርባው አንሶላ። ከመሐል ወደ ዳር በረጃጅም ስፌት ያዙት፤ ከዳር ከጀመራችሁ መሐሉ ይጨማደዳል። ከዚያ ሦስቱንም እየወጋችሁ በትንንሹ ወጣ ገባ ስፉት። እኔ ውሃው ላይ ማዕበል አስመስዬ ነው የሰፋሁት። በመጨረሻ ዳሩን በ6 ሳንቲም ጥብጣብ አጥፌ ዘመዘምኩት።

ቀረብ ብላችሁ በእጃችሁ ንኩት። ሩዙ መስመር መስመር ካለው ወፍራም ሱሪ ነው። ታንኳው ሻካራ ነው። የዘጌ ቡና ያኔ ገና ስላልቀላ አረንጓዴ ቁልፍ ነው ያደረግኩለት። ይሄን ያደረግኩት የአክስቴን ዓይን ሞራ ስለጋረደው ነው። በስልክ ፎቶ ብልክላት አታይም። በእጇ ከወረታ እስከ ዘጌ እንድትሄድ ነው የፈለግኩት። አሁን በዚያ መንገድ እንደልብ መሄድም ከባድ ሆኗል።

የማዳም ጓደኛ አይታው 100 ዶላር ልስጥሽ አለችኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶ ነበር። ጠዋት ማዳም ባለችበት «ይሄ ባለቤት አለው፤ ያንቺን መንገድ ንገሪኝና ሌላ ልስፋልሽ» አልኳት። አሰብ አርጋ፣ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ባልቤክ የሄደችበትን ቀን ነገረችኝ። አባቷ የገዛላትን አይስክሬም ቀለም ሳይቀር! ግማሹን ክፍያ ቀድማ ሰጠችኝ፤ ለወንድሜ ላክሁት። አሁን የሷን አምስተኛ ቁራጭ ላይ ነኝ።

የአክስቴን በሚቀጥለው ወር ወደ አገር የምትገባው እህታችን ትወስድልኛለች። መዝኜዋለሁ፣ 2 ኪሎ አይሞላም። አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ይቀበላታል፤ ደብረ ታቦር የሚያደርሰው መንገዱ ሲመች ነው።

የሚቀጥለው እሑድ መስፋት የምትፈልጉ ከምሳ በኋላ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ እንጀምራለን። ታጥቦ የደረቀ፣ ፈቃድ ያገኛችሁበትን ጨርቅ ይዛችሁ ኑ። መርፌና ክር እኔ አመጣለሁ። መቀስ ሁለት ብቻ ስለሆነ ያላችሁ ያዙልን።