ስለ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር ቅርጽና ስለ አጥንት መዳን



ጥርስ ሲነቀል ሁላችንም የምናስበው ስለ ሕመሙ ነው፤ ስለ ጉድጓዱ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ጉድጓድ ነው። ጥርሱ በወጣበት ስፍራ መጀመሪያ ደም ይሞላና ይረጋል፤ የረጋውም ደም በለስላሳ ሥጋ ይተካል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በውስጡ አዲስ አጥንት መብቀል ይጀምራል። ነገር ግን ጉድጓዱ ከውስጥ ሲሞላ ዳር ዳሩ ከውጭ ይመናመናል። በአንድ ዓመት ውስጥ የአጥንቱ ወርድ በዚያ ስፍራ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ አብዛኛውም የሚቀንሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። አንዳንድ አረጋውያን የሚወለቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ አልያዝ የሚላቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እናገራለሁ። በ1952 ዓ.ም. በእስዊድን አገር ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባለ ሐኪም በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ከቲታንየም የተሠራ ትንሽ መመልከቻ አስገብቶ የደምን ዝውውር ያጠና ነበር። ሥራውን ጨርሶ ሊያወጣው ቢሞክር አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ እንቢ አለው። በ1965 ዓ.ም. ለመጀመሪያው በሽተኛ የቲታንየም ሥር በመንጋጋው ተተከለለት፤ ያም ሰው በ2006 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ በዚያው ሲያኝክ ኖረ።

ታዲያ ቅርጹ ምን ያደርጋል ቢባል፥ ሚስማርና ብሎን የያዘ ተማሪ ሁሉ ይገባዋል። (ብሎንም ጥርስ እንዳለው ልብ በሉ!) ጥርስ ያለው ሥር አጥንቱን ቆንጥጦ ስለሚይዝ አይነቃነቅም። ከ1 ሚሊሜትር ከመቶ 15 እጅ ያህል እንኳ ቢወዛወዝ በዙሪያው በአጥንት ፈንታ እንደ ጅማት ያለ ነገር ሊበቅል ይችላል፤ ያን ጊዜ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

የጥርስ ጉድጓድ አፉ ሰፊ፥ መጨረሻው ጠባብ ነው። እንደ ቱቦ ቀጥ ያለ ሥር ቢገባበት በአፉ ዙሪያ ክፍተት ይተርፋል፤ ወደ ጫፉ የሾለው ግን ከጉድጓዱ ጋር ይስማማል፤ ጎኑም አጥንቱን እየገፋ ስለሚጠብቅ ጥርሱ በተነቀለበት ዕለት ለመትከል ብዙ ጊዜ እርሱ ይመረጣል።

እንግዲያስ ጉድጓዱን በወፍራም ሥር መድፈን አይሻልምን? የሚል አይጠፋም። አይሻልም። በፊት ጥርሶች ዘንድ በከንፈር በኩል ያለው የአጥንት ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር የሳሳ ነው፤ ደሙንም በከፊል ያገኝ የነበረው ጥርሱን ከያዙት ጅማቶች ስለሆነ ጥርሱ ሲወጣ ይራባል። ወፍራም ሥር ሲጠጋበት ይባስ ይሳሳል። በ2005 ዓ.ም. አራውዦና ሊንዴ የተባሉ ሊቃውንት ውሾችን መርምረው፥ ሥሩ ወዲያው ቢተከልም የግድግዳው መመናመን እንደማይቀር አሳይተዋል። የሥሩ መተከል ብቻውን አጥንቱን ሁሉ ያድናል ብለው ተስፋ ያደረጉ ነበሩና ይህ ወሬ ሳያሳዝናቸው አልቀረም።

ስለዚህ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ለላይኛው የፊት ጥርስ ቀጠን ያለውን ሥር መርጠው ወደ ላንቃ አስጠግተው ይተክሉታል፤ በከንፈር በኩል የቀረውንም ክፍተት በአጥንት ዱቄት ይሞሉታል።