ያልተነካ መኪና



የዛሬው ወጋችን ስለ መኪና ነው። ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ይዘው የሚቀመጡ ልጆች መሀል የማይጠፋ አንድ ክርክር አለ። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ያለ ዘመድ ባለ 8 ሲሊንደሩን ዶጅ ቻሌንጀር ደጁ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን እያስጓራ ቪዲዮ ይልካል። «ስፔሻል ኤዲሽን ነው፤ ፋብሪካው ይህን ያህል ብቻ ሠርቶ አቁሟል» ይላል። ልጆቹ ለሁለት ይከፈላሉ። ገሚሱ «ምንም ሳይነካካ ሸፍኖ ያስቀምጠው፤ ነገ ወርቅ ነው» ሲል፣ ገሚሱ «ቸርኬውን ለውጦ፣ ጭስ ማውጫውን ከፍቶ ይንዳው እንጂ፤ መኪና ለመቼ ነው?» ይላል።

ለአስቀማጮቹ አንድ ታሪክ ልንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 የሸቭሮሌት ኮርቬት ኢንዲያናፖሊስ 500 የተባለውን ትልቅ ውድድር ከፊት ሆኖ እንዲመራ ተመረጠ። ኩባንያውም ለመታሰቢያ ጥቁርና ብርማ ቀለም የተቀባ ልዩ ኮርቬት አወጣ። የተለጠፈበት ዋጋ 13,653 ዶላር ነበር። ገበያው ግን አበደ፤ እጥፍ የተጠየቀበትም ነበር። ገዢዎች የወንበሩን ፕላስቲክ እንኳ ሳይልጡ ጋራዥ ውስጥ ቆለፉበት። ስንት ተሠራ? 6,502። ለዚያ ሁሉ ሰው አንድ ዓይነት ሐሳብ መጣለትና ሁሉም አስቀመጠ። ሁሉም ያስቀመጠው ዕቃ ደግሞ ከየት ይወደዳል? ከ40 ዓመት በኋላም ሳይነዳ የቆየው እንደ ልብ ይገኛል። የዶላሩን መርከስ አስልተው ሲያዩት፣ ብዙዎቹ ባለቤቶች ያተረፉት የጋራዥ ኪራይ ነው።

ዶጅም እ.ኤ.አ. በ2023 ቻሌንጀርን ሊያቆም ሲል ዲመን 170 የተባለውን አወጣ፤ 1,025 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ቁጥሩ ለአሜሪካና ለካናዳ 3,300 ላይ የተወሰነ። የኮርቬቱ ዕጣ ይደርሰዋል ብዬ አልምልም። ግን «ይህ ብርቅ ነው» ብሎ የሚነግርህ ሻጩ ራሱ ሲሆን፣ ቆም ማለት ደግ ነው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1968 «ቡሊት» የተባለ ፊልም ወጣ። ስቲቭ ማክዊን በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት ላይ አረንጓዴ ሙስታንግ እያበረረ ሰው ያሳድዳል። ያ ሙስታንግ ስፔሻል ኤዲሽን አልነበረም፤ ማንም ከሱቅ ሊገዛው የሚችል መኪና ነበር። ከፊልሙ በኋላ ተሸጠ፣ ባለቤት ለዋወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 አንድ ቤተሰብ እጅ ገባ። የቤቱ እመቤት ለዓመታት ሥራ የምትሄድበት እሱ ነበር። ማክዊን ራሱ መልሶ ሊገዛው ደብዳቤ ቢጽፍ አልሸጥም አሉት። ከዚያ ፍሪሲዮኑ ተበላሸና ቆመ። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ፍሎሪዳ ላይ በጨረታ ሲወጣ 3.74 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ቀለሙ ረግፏል፤ ለካሜራ ማሰሪያ የተበየደው ብረትና ለጭስ ማሽን የተበሳው ቀዳዳ እንዳለ ነው። እውነተኛው መኪና እሱ መሆኑን ለማስመስከር ከረዱት መሀልም እነዚያ ምልክቶች ይገኛሉ። ልብ በሉ፤ ይህ ፋብሪካ እንዳወጣው የቆየ መኪና አይደለም። የቆየለት ያሳለፈው ታሪክ ነው።

የእኛንም አገር ብናይ ነገሩ ብዙ አይለይም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሮልስ ሮይስ ነበራቸው፤ ምን ያልነበራቸው አለ? በኢትዮጵያ ታሪክ ከሁሉ የሚታወሰው መኪና ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ይዟቸው የወጣው ቮልስዋገን ነው። ያቺው መምህሩም፣ ነርሱም፣ የቢሮ ጸሐፊውም የሚነዳት ቮልስ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋን ሲያወጣ በጠቅላላው 21,529,464 ቮልስ ተሠርቷል። ለስንብቱ 3,000 «የመጨረሻ እትም» ሠርቶ ነበር። እኔ ግን አንድ የጎንደር ሰው ከአባቱ የወረሳትን፣ ሊብሬዋ በእጅ ጽሕፈት የተሞላውን ቮልስ ከዚያ የስንብት እትም አሳንሼ አላያትም።

«ታዲያ እዚህ አገር ያለ የቤንዚን መኪና ሁሉ ስፔሻል ኤዲሽን ሆነ ማለት ነው?» የሚለኝ አድማጭ አይጠፋም። ጥያቄው ቀልድ ይመስላል እንጂ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አከበደው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የግል መኪና አይገባም ተባለ። ስለዚህ የቨርጂኒያው ዘመዳችን ቻሌንጀሩን ወደ ጎንደር ላምጣ ቢል መንገዱ ተዘግቷል። እዚህ ያለው ቪትዝና ዲኤክስ ደግሞ ዋጋው ተሰቀለ። ግን አትታለሉ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። መኪናህን በእጥፍ ሸጠህ ሌላ ልትገዛ ስትወጣ ያም በእጥፍ ከጠበቀህ፣ የተወደደው መኪናው ሳይሆን የወደቀው ብሩ ነው።

እውነቱን እንነጋገር፤ ቻሌንጀሩ ቢመጣስ? ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። 375 ፈረስ ተብሎ የተገዛው ፒያሳ ሲደርስ 300 ቢቀረው ነው። ደባርቅ ሲደርስ ሌላ ይቀንሳል። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር፣ ከሳንቃበር ወደ ጨነቅ የሚወስደው ጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ የፈረሱን ቁጥር የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው ሆዱ ከመሬት ምን ያህል ይርቃል ነው።

በዚያ መንገድ ጉልበተኛ የሚባለው ላንድክሩዘር ነው። 70 የሚባለው ዘር እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የገባለት ባለ 4.2 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም፤ ሲበላሽ የደባርቅ መካኒክ ይፈታዋል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2021 አውስትራሊያ ውስጥ የላንድክሩዘርን 70ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ 600 ብቻ የሆነ ፒክአፕ አወጣ። ከውጭ ጌጡ፣ ከውስጥ ወንበሩ ተለየ፤ ሞተሩና ሻንሲው ግን ከመደበኛው ወንድሙ ጋር አንድ ነው። ለጌጡ ተጨማሪ መክፈል የፈለገ ይክፈል። እኔ ብሆን ልዩነቱን ለጎማ አውለው ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛዎቹ ልጆች፣ ወደ ለዋጮቹ ልመለስ። ፋብሪካ እንዳወጣው መያዝ የሀብታም ቅንጦት ይመስላቸዋል። የፋሲል ግቢን ግን እናውቃለን። በጣሊያን ጊዜ ግንቡ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገነ፤ ጠንካራ ነው፣ ዘመናዊ ነው ተባለ። በኋላ የመጡ ጠጋኞች ያንን ሲሚንቶ እየፈለቀቁ በጥንቱ ኖራ ሊተኩ ደከሙ፤ ድንጋዩ የለመደው ኖራውን ነበርና።

በመኪናም የማየው ይኸው ነው። ሊማሊሞን ሲወጣ ሞተር ይሞቃል። ሾፌሩ ጋራዥ ይወስደዋል። መካኒኩ ራዲያተሩን ከማጠብ፣ የውሃ ፓምፑን ከማየት ይልቅ ቴርሞስታቱን አውልቆ ይጥለዋል፤ በ10 ደቂቃ ያልቃል፣ ሂሳቡም ትንሽ ነው። ቴርሞስታት የእጅ መዳፍ የምትሞላ የናስና የሞላ ብረት ቁራጭ ነች። ሥራዋ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን መያዝ፣ ሲሞቅ መልቀቅ ነው። እሷ ከወጣች በኋላ፣ በደባርቅ ጠዋት ብርድ ሞተሩ ተነሥቶ ግማሽ መንገድ ሲሄድ እንኳ በወጉ አይሞቅም። ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ቶሎ ይጠቁራል። ያን ነዳጅ ደግሞ በስንት ሰልፍ እንደምናገኘው ታውቃላችሁ። ባለቤቱ ግን «ከዚያ ወዲህ ሙቀት አላየሁም» ብሎ መካኒኩን ያመሰግናል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ቸርኬ መለወጥ፣ መብራት መለወጥ፣ ይሁን፤ የወለቀው ይቀመጥ እንጂ ነገ ይመለሳል። ሞተር መለወጥ ግን ሌላ ነው። አሜሪካኖቹ ሞተሩና ሻንሲው አብረው ከፋብሪካ የወጡ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ባለሙያ ቀጥረው ቁጥር ያስመረምራሉ፤ የዋጋው ልዩነት ከፍተኛ ነውና። እኛ ዘንድ ይህን ሥራ መንግሥት ራሱ ይሠራልናል። የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ሰፍሯል፤ ሞተር የለወጠ ማስመዝገብ አለበት። በዚህ በኩል ከቨርጂኒያው ዘመድ እንሻላለን፤ አልተጠቀምንበትም እንጂ።

ሸፍኖ ስለማስቀመጥም አንድ ነገር ልበል። መኪና ቆሞም ያረጃል። ቤንዚኑ በወራት ውስጥ ይበላሻል፣ የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ይጠጣል፣ ጎማው አንድ ቦታ ተጭኖ ይጎብጣል። የጎንደር ክረምት ካለፈበት በኋላ አይጥ ሽቦውን ያልቀመሰበት ቆሞ የከረመ መኪና ብርቅ ነው። በዓመት ሁለቴ ሰርግ ላይ ሙሽራ የሚያጅብ፣ እሑድ እሑድ አዘዞ ደርሶ የሚመለስ መኪና ከዚያ ይሻላል። ካልተነዳ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

እንግዲህ ከአድማጮቼ መሀል ቮልስ ለመግዛት ያሰበ ካለ፣ ደላላው ስለ ቀለሙ ሲያወራ ዝም ብላችሁ የኋላ ወንበሩን አንሡ። ባትሪው እዚያ ሥር ነው፤ አሲዱ የፈሰሰበት ወለል ቀድሞ ይበሰብሳል፤ በጣታችሁ ተጫኑት። በምንጣፍ ወይም በአዲስ ላሜራ የተሸፈነ ከሆነ ምንጣፉን ግለጡ፣ ብየዳውን እዩ። እዚያው ወንበሩ ሥር፣ መሀል ለመሀል በሚያልፈው ጉብታ ላይ የሻንሲው ቁጥር ተቀርጿል። ከዚያ ወደ ኋላ ዞራችሁ የሞተሩን ክዳን ክፈቱ፤ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ያለውን ዘይት በጨርቅ ጥረጉና የሞተሩን ቁጥር አንብቡ። ሊብሬውን ተቀብላችሁ ሁለቱንም ቁጥር በቁጥር አስተያዩ። ካልገጠመ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ሻዩን ጠጥታችሁ ተመለሱ።