ከቧንቧው በፊትና ከቧንቧው በኋላ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ጡረተኛ ጸሐፊ ነኝ። መሐንዲስም አይደለሁ። ቢሆንም ስለምንጠጣው ውሃና ስለምንደፋው ፍሳሽ ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

የአዲስ አበባ ውሃ እኮ እንዲሁ ከሰማይ ወርዶ ቧንቧ ውስጥ አልገባም። የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ፣ የለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የድሬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ተሠሩ። ከአቃቂ በኩል ደግሞ ከጥልቅ ጉድጓድ ይሳባል። የግድቡ ውሃ ድፍርስ ነው። በማጣሪያው ጣቢያ ጭቃውን አያይዞ የሚያዘቅጥ መድኃኒት ይጨመርበታል፤ ቀጥሎ በአሸዋ ይጣራል፤ በመጨረሻ ተሐዋስያኑን እንዲገድል ክሎሪን ይደረግበታል።

ታዲያ እኛ ምን እናደርገዋለን? በፈረቃ ሲመጣ በርሜል እንሞላና ክዳን ሳናበጅለት በኩባያ ከነእጃችን እንጠልቃለን። ያ ሁሉ ድካም እዚያ ላይ ከንቱ ይቀራል።

የተደፋውስ? መስመር ከገባለት ቤት የሚወጣው ፍሳሽ በብዛት ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። የቃሊቲው ማጣሪያ በ1970ዎቹ በኩሬዎች ተጀምሮ፣ በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተስፋፋ። እዚያ ጨርቁና ላስቲኩ በብረት ወንፊት ይያዛል፤ ከዚያ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ቆሻሻውን ይበሉታል፤ የተጣራው ወደ ወንዝ ይለቀቃል።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ዓምና ክረምት ግቢዬን ጎርፍ ቢሞላው የፍሳሹን ጉድጓድ ክዳን ከፍቼ ለቀቅሁበት። መስመሩ ግን የዝናብ ውሃ እንዲሸከም አልተሠራም። በዚያው ሰሞን ከታች ለቅሶ ነበር፤ ከማብሰያው የድስት ቅባትና መወልወያ ጨርቅ ተደፍቶበታል። በሁለተኛው ቀን ጉድጓዱ ገንፍሎ ሽታው ሐዘንተኞቹ ድንኳን ገባ። እናቶቻችን ወንበር ተሸክመው ሸሹ። ሰው ሁሉ መሥሪያ ቤቱን ሲራገም እኔ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልሁ። ይኸው ዛሬ ተናገርሁ።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የዕድራችን በርሜሎች ክዳንና መቅጃ ቧንቧ ይበጅላቸው። ሁለተኛ፣ በለቅሶ ቤት የድስት ቅባት ተጠርጎ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣል። ሦስተኛ፣ የዝናብ ውሃ በቦዩ እንጂ በፍሳሽ ጉድጓድ አይለቀቅ።

የመጀመሪያውን በርሜል ወጪ እኔ እችላለሁ፤ ለካሣ ይቈጠርልኝ። ዕድራችን የሞተውን በክብር ይቀብራል፤ ያለውንም እንዲሁ ይጠብቅ።