ኤልያስ ያልቆጠራቸው
(በመቀሌ ለደጋፊዎቻችን ከተሰጠ ንግግር)



እኛ የረድኤት ሠራተኞች ቆጣሪዎች ነን። በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ወደ መቀሌ የጎረፈው ሕዝብ ተቆጥሯል፤ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ በየትምህርት ቤቱ የተጠለለውም እንዲሁ። መዝገብ ባይኖር እህሉ ለማን ይደርሳል? ነገር ግን ባንኩም ስልኩም በተዘጋበት ወራት፣ ቆጥረን ቆጥረን “እኛ ብቻ ቀረን” ያልን ብዙዎች ነን።

ኤልያስም እንዲሁ ብሎ ነበር። እግዚአብሔር አስቀድሞ እንጎቻና ውሃ ሰጠው፤ ተኛ፣ ደግሞም በላ። ለበኣል ያልሰገዱ 7000 መኖራቸውን የሰማው ከዚያ በኋላ፣ በኮሬብ ነው። የሚገርመን ግን ሌላ ነው። የንጉሡ ቤት አዛዥ አብድዩ 100 ነቢያትን ከኤልዛቤል ሰይፍ ሸሽጎ፣ ሃምሳ ሃምሳውን በዋሻ እንጀራና ውሃ ይመግብ ነበር፤ ይህንንም ለኤልያስ በአፉ ነግሮታል። ነቢዩ በድካሙ ረሳው እንጂ! እግዚአብሔር ለእስራኤል ቅሬታ ያሳየው ታማኝነት በአብድዩ እንጀራም ተገልጧል።

ጳውሎስ ይህን ታሪክ በሮሜ 11 ያነሣዋል። እግዚአብሔር ሕዝቡን እንዳልጣለ ሲያስረዳ፣ ከብንያም ነገድ የሆነውን ራሱን ምስክር አድርጎ ያቀርባል፤ ቅሬታው በጸጋ እንጂ በሥራ አልቀረም ይላል። ከአሕዛብ የመጣነውንም፣ የተጣበቃችሁ ቅርንጫፎች ናችሁና በተሰበሩት ቅርንጫፎች ላይ አትመኩ ብሎ ያስጠነቅቀናል። ረጂዎች ነን ለምንል ይህ በተለይ ይመለከተናል።

በዚያ የመከራ ወራት በዚህች ከተማ ከራሳቸው ድርሻ ቀንሰው ጎረቤት ያኖሩ ነበሩ። መዝገባችን አያውቃቸውም፤ ስማቸውን ብንጠይቃቸውም “ምን አደረግንና?” ይሉናል።