ድምፅና መድረክ፤ ስለ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ አርእስት ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ፤ ይኸውም በድራማ ክበባችን ለመጫወት እየፈለጉ፤ «አዝማሪ ልትሆኚ ነውን?» ተብለው ከቤት የተከለከሉ እኅቶች በመካከላችን ስለሚገኙ ነው።

በውጭ አገር እየዘፈኑ ቴአትር ከሚጫወቱት ሴቶች አንዳንዶቹ የሚነሡት ከኦፔራ ትምህርት ነው። የኦፔራ ዘፋኝ ያለ ድምፅ ማጉያ፤ ከብዙ መሣሪያ በላይ ልትሰማ ይገባታል። ስለዚህ አተነፋፈሷን ለማሠልጠን ብዙ ዓመት ትደክማለች። አሜሪካዊቱ ኦድራ ማክዶናልድ በኒው ዮርክ በጁሊያርድ ትምህርት ቤት ይህንኑ ተምራ እ.ኤ.አ. በ1993 ተመረቀች። በማግሥቱ ዓመት በሙዚቃዊ ቴአትር የቶኒን ሽልማት ተቀበለች፤ እስከ 2014 ድረስም ስድስት ጊዜ ተሸለመች።

ወይዘሮ አስናቀች እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት አላገኙም። እናታቸው የሞቱባቸው ገና በሕፃንነታቸው ነበር። ክራር መምታትን የተማሩት ከራሳቸው ነው። ይሁን እንጂ አልተማሩም ማለት አይደለም፤ ትዝታን፤ ባቲን፤ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለይቶ መጫወት፤ ሰምና ወርቅ ያለውን ግጥም አድማጩ እንዲይዘው አድርጎ ማድረስ፤ ይህም ራሱ ከባድ ትምህርት ነው። ልዩነቱ መምህርም፤ ደብተርም፤ የምስክር ወረቀትም የሌለው መሆኑ ነው።

ቀድሞ በአገራችን ቴአትር የሴቶቹን ክፍል ወንዶች ልጆች የሴት ልብስ ለብሰው ይጫወቱት ነበር። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። ወይዘሮ አስናቀች በዚያ መድረክ ቀድመው ከታወቁት ሴቶች አንዷ ሆኑ። ተዋናይት፤ ዘፋኝና ክራር መቺ በአንድ ሰው ተገኙ። በውጭ አገር በረዥም ትምህርት የሚገኘውን፤ እርሳቸው በጆሮአቸውና በትጋታቸው አገኙት።

ነገር ግን ዋጋው ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን ወደ መድረክ የወጣች ሴት ስሟ በየቤቱ ይነሣ ነበር። ሕዝቡ ማታ አጨብጭቦ፤ ጧት ያማ ነበር። ዘፈኑን ወድዶ ዘፋኟን መናቅ ትክክል ነውን? ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ። በ2003 እ.ኤ.አ. ግን ዘፈኖቻቸው «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ በፈረንሳይ አገር ታትመው በዓለም ተሰሙ። እርሳቸውም በመስከረም 2004 ዓ.ም. ዐረፉ፤ አገርም በክብር አለቀሰችላቸው።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ እኛ የኮዬ ፈጬ ልጆች ከእርሳቸው የተሻለ ዕድል አለን። በአዲስ አበባ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ በዩኒቨርሲቲውም የቴአትር ጥበባት ይሰጣል። ለእነርሱ የምንበቃው ግን ዛሬ እዚህ ብንለማመድ ነው። ስለዚህ ሴት ልጃችሁ «ለልምምድ እቆያለሁ» ስትላችሁ፤ ከመከልከላችሁ በፊት አንድ ጊዜ መጥታችሁ ተመልከቱ። መምህራኖቻችንም በሳምንት አንድ ቀን፤ አንድ ክፍልና አንድ ክራር እንዲፈቅዱልን በትሕትና እንለምናለን።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛም ለጭብጨባ ብቻ ወደ መድረክ አንውጣ። ትምህርታችንን ሳንበድል፤ ቃላችንን አጥንተን፤ በሰዓቱ ተገኝተን ብንሠራ የወላጆቻችን ጥርጣሬ ከእኛ ክርክር ይልቅ በሥራችን ይወገዳል።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።